አፍንጫ ሲታፈንና ሲያስነጥስ፦ በአለርጂና በጉንፋን መድኃኒት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት አንቲሂስታሚንንና ዲኮንጀስታንትን አንድ ማድረግ ነው። ሁለቱም "የአፍንጫ መድኃኒት" ስለሚባሉ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይውጣል፣ ከዚያ "አልሠራልኝም" ይላል። አልሠራማ፣ ሥራው አይደለም!

ሰውነት የአበባ ብናኝን ወይም አቧራን እንደ ጠላት ሲቆጥር ማስት ሴል የሚባሉት ህዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ። ሂስታሚኑ ተቀባዮቹ (ህዋሳት ላይ ያሉ ማረፊያዎቹ) ላይ ሲያርፍ ዓይን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ንፍጥ እንደ ውሃ ይወርዳል። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉት አንቲሂስታሚኖች እነዚህን ተቀባዮች ይይዙና ሂስታሚኑ ማረፊያ ያጣል። ዲኮንጀስታንት ግን ከሂስታሚን ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እሱ የሚያጠብበው የአፍንጫን የደም ስሮች ነው። ምክንያቱም አፍንጫ የሚታፈነው በንፍጥ ብቻ ሳይሆን፣ በአብዛኛው የደም ስሮቹ ሰፍተው የውስጡ ሽፋን ስለሚያብጥ ነው። ደጋግማችሁ ብትናፈጡም የማይከፈተው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚያሳክካችሁና የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ አንቲሂስታሚን፣ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ከሆነ ዲኮንጀስታንት።

ሌላው፣ አንቲሂስታሚንን ነገሩ ሁሉ ከባሰ በኋላ መውሰድ። መድኃኒቱ የተለቀቀውን ሂስታሚን ጠርጎ አያወጣም፣ መንገዱን ነው የሚዘጋው። ሴትሪዚን ለመጀመር አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ከዚያ 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል። አለርጂያችሁ መቼ እንደሚነሳ የምታውቁ ከሆነ ቀድማችሁ ውሰዱት።

አሁን ወደ አፍንጫ ስፕሬይ እንምጣ። ብዙ ሰው ወጥመድ ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን ያለባቸው ስፕሬዮች በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታሉ። ደስ ይላል። ችግሩ ከ3 ቀን ገደማ በላይ ሲቀጥል የደም ስሮቹ መድኃኒቱን ይለምዱና ኃይሉ ባለቀ ቁጥር ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ። ሰውየው "ጉንፋኑ አልለቀቀኝም" ብሎ እንደገና ይነፋል፣ አፍንጫው እንደገና ይዘጋል፣ እንዲህ እያለ ወራት የሚቆይ አለ። በዚያ ጊዜ ጉንፋኑ ድሮ ሄዷል፤ የሚያፍነው ራሱ ስፕሬዩ ነው። መፍትሔው ማቆም ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ጭንቅ ናቸው። አንዳንዱ መጀመሪያ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ቆይቶ በሌላው ያቆማል፤ ሐኪም ደግሞ ጊዜውን ለማለፍ የስቴሮይድ ስፕሬይ ሊያዝ ይችላል። የስቴሮይዱ ስፕሬይ ይህን ሱስ አያመጣም፣ ግን ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ተስፋ ቆርጣችሁ አትጣሉት።

ፌኒሌፍሪን የሚባለው ዲኮንጀስታንት ያለበትን ክኒን ማመንም ስህተት ነው ብዬ ነው የማስበው። ሲዋጥ አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ስለሚሰባብሩት አፍንጫ ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ባለሙያዎች የሚዋጠው ፌኒሌፍሪን እንደማይሠራ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል፣ በ2024 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሚዋጡ ዲኮንጀስታንቶች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። ወሬው ስለሚዋጠው ነው፣ አፍንጫ ውስጥ ስለሚነፋው አይደለም። የሚዋጥና የሚሠራ ከተፈለገ ሱዶኤፌድሪን አለ፣ እሱ ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቅ አይውሰደው። ኤም ኤ ኦ ኢ የሚባሉትን የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው፣ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅብ ይችላል።

"ትንሽ ያስተኛል እንጂ ምን ያደርጋል" ማለትም አለ። እንደ ዲፈንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የድሮዎቹ አንቲሂስታሚኖች አንጎል ውስጥ በቀላሉ ይገባሉ። እንቅልፍ ሳይሰማችሁ እንኳ ምላሻችሁ ሊዘገይ ይችላል፣ መኪና ለሚነዳ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ከአልኮል ጋር ደግሞ ይብሳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ግራ መጋባት፣ የሆድ ድርቀትና ሽንት አልወጣ ማለት ያመጣሉ፤ የፕሮስቴት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ለእናት ለአባት የእንቅልፍ ኪኒን አድርጎ መስጠት ይቅር። አዲሶቹ በጣም ይሻላሉ፣ ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ሰው ያስተኛዋል።

የጉንፋን ክኒንና ሽሮፕ ስትደራርቡ ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ ቅልቅል ናቸው፣ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው መድኃኒቶች አንድ ዓይነት አንቲሂስታሚን ወይም ፓራሲታሞል ሊይዙ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ የአዋቂውን ክኒን ቆርሶ መስጠት ፈጽሞ አይሆንም።

በከባድ አለርጂ ፊትና ከንፈር አብጦ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ሰው ሲዝለፈለፍ አንቲሂስታሚን ሰጥቶ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። በዚያ ሰዓት የሚያድነው የኤፒኔፍሪን (አድሬናሊን) መርፌ ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ክኒኑ ማሳከኩን ሊያስታግስ ይችላል፣ የወረደ የደም ግፊት ግን አያነሳም።

ትንሿን ነገር ደግሞ እንዳልረሳት፦ የአለርጂ የቆዳ ምርመራ ቀጠሮ ካላችሁ አንቲሂስታሚኑን ስንት ቀን ቀድማችሁ እንደምታቆሙ መርማሪውን ጠይቁ፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ ውጤቱን ይደብቀዋል።