ሐዋሳ ላይ ፓይል ልታስቆፍሩ ነው? ብሩን ከመላካችሁ በፊት

ፓይል ማለት የሕንጻውን ክብደት ወደ ጥልቅ መሬት የሚያወርድ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ በኮንክሪት የሚሞላ ምሰሶ ነው። ሐዋሳ ፎቅ የጀመረ የዳያስፖራ ሰው የሚደርሰው ስልክ ይታወቃል። «አፈሩ ደካማ ሆነ፤ ፓይሉ አራት ሜትር ይጨመር ተብሏል፤ ብር ላክ።»

ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከሥሯ የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ያ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ አለ። ፑሚስ ሲጫኑት ይፈጫል። ሐይቅ ዳርና ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ብዙ ሳይቆፈር ውሃ ይመጣል። ወደ ታቦርና አላሙራ ተራሮች ሲጠጉ ደግሞ ዓለት ቶሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በጎረቤት ፓይል ርዝመት አትመሩ። የአዲስ አበባን ዲዛይን መገልበጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ብር ለአፈር ምርመራ ይሂድ። በአንድ ጉድጓድ ብቻ አትስማሙ። ቁፋሮው ፓይሉ ያርፍበታል ከተባለው ጥልቀት አልፎ ይውረድ። ሪፖርቱ የኤስፒቲ ቁጥሩን (የአፈሩን ጥንካሬ በመዶሻ ምት ብዛት የሚለካውን) በየጥልቀቱ፣ የውሃውንም ደረጃ ያሳይ። ውሃ የጠገበው ልል አሸዋ መሬት ሲንቀጠቀጥ ጉልበቱን ያጣ እንደሆነም ይመልስ። በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ተናውጣለች፤ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። አንዳንዴ ሪፖርቱ ፓይል አያስፈልግም ይላል። እሰየው ነው።

ፓይል ግድ ከሆነ ትልቁ ጣጣ የጉድጓዱ መደርመስ ነው። በብረት ኬሲንግ (ጉድጓዱን በሚደግፍ ቱቦ) ወይም በቤንቶናይት (ግድግዳውን በሚይዝ የሸክላ ጭቃ) መያዝ አለበት። ውሃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ኮንክሪት ከላይ አይደፋም። ትሬሚ በሚባል እስከ ጉድጓዱ ሥር በሚወርድ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይሞላል፤ የቱቦው ጫፍ ከኮንክሪቱ ውስጥ አይውጣ። ቪዲዮ ስትጠይቁ ይህንን ጠይቁ፤ የማሽኑን ፎቶ ምን ያደርግላችኋል?

ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፓይል መዝገብ ይኑር፦ ጥልቀት፣ የወጣው አፈር፣ የገባው ኮንክሪት። 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትርና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ፓይል በሒሳብ 3.4 ሜትር ኩብ ገደማ ይወስዳል። ልል መሬት ላይ መብለጡ የተለመደ ነው። ካነሰ ግን ወይ አፈር ተደርምሶ ገብቷል፣ ወይ ጥልቀቱ ተዋሽቷል።

ተጨማሪ ሜትር የሚፈቅደው ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ነው፤ በፊርማው። ደመወዙን እናንተ ክፈሉ፣ ኮንትራክተሩ አይክፈለው። ውክልና የያዘው ወንድማችሁ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ይህን አትጫኑበት። ነገ ከሰዎቹ ጋር እዚያው ከተማ የሚኖረው እሱ ነው።

ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ፣ ፓይል ካፑ (ፓይሎቹን ከላይ የሚያያይዘው ኮንክሪት) ሳይሞላ፣ የፓይሎቹ ጭንቅላት በመዶሻ እየተመታ በመሣሪያ ይፈተሽ። ውጤቱ እጃችሁ እስኪገባ የፓይሉን የመጨረሻ ክፍያ ያዙት።