ሸክላዎቼን ልሽጥ ወይስ ላስቀምጥ?

ሰባን ካለፍኩ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ የዘፈን ሸክላዎቼ ላይ ነው። አንዱ «ይሄ እኮ ብር ነው፣ ሽጠው» ይለኛል። ሌላው «ቅርስ ነው፣ እንዳትነካው!» አቧራውን የሚያራግፍልኝ ግን የለም። እንደኔ ደሞዙን ሙዚቃ ቤት ሲያራግፍ የኖረ ካለ፣ እንዴት እንደወሰንኩ ላጫውተው።

መጀመሪያ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ፣ «ትፈልጉታላችሁ ወይ?» በሏቸው። ልጄ «አባዬ፣ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ» አለችኝ። ትንሽ ከፋኝ፤ ግን እውነቷን ነው። «ለልጆቼ ነው የማስቀምጠው» የሚለው ሰበቤም እዚያው አበቃ።

ከዚያ ሸክላዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እያጫወታችሁ ስሙ። ችኮላ የለም፣ ጡረታ ላይ ናችሁ። ዋጋ ግን ገና እንዳትጠይቁ፤ ዋጋ የሰማ ጆሮ ዘፈን በትክክል አይሰማም። ከሸክላዎቼ አንዱ የማህሙድ አህመድ ባለ 45 ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ማለቴ ነው። መሃሉ ላይ ሟች ወንድሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የሠርግ» ብሎ ጽፎበታል። መርፌው ሁለተኛው አዝማች ላይ ይዘላል። ለገዢ አይረባም፣ እኔ ደግሞ በምንም አልሰጠውም። በሌላ በኩል ከአንድ ጊዜ በላይ ያልሰማሁት፣ ዜማ ብቻ ያለበት ሸክላ አለኝ። ሰብሳቢ የሚሞትለት እሱን ነው። ይሸጣል።

ዋጋው ከየት መጣ? ቀድሞ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ ያንን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ካይፋ የሚባለው ሌላ አሳታሚም ተከተለ። ብዙ ሳይቆይ ደርግ መጣ፣ አምሃ አገር ለቆ ወጣ፣ ካሴትም ገበያውን ወሰደው። ዘመኑ አጭር ስለነበር የታተመው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የድሮ ዘፈኖቻችን ፓሪስ ውስጥ በሲዲ በተከታታይ መውጣት ሲጀምሩ ፈረንጁም ሸክላ ፍለጋ ተነሳ።

ሁሉም ሸክላ ግን ወርቅ አይደለም። መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ወደ ብርሃኑ አዘንብሉት። ጭረቱም መጣመሙም ያኔ ይታያል። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ መርፌ በልቶታል። በቅርቡ በድጋሚ የታተሙም ስላሉ የመሃሉ ወረቀት ላይ ያለውንና በወረቀቱ ዙሪያ ሸክላው ላይ የተጫረውን ቁጥር መዝግቡ። አደራ፣ ከባዱን የጥንት ባለ 78 በአልኮል እንዳትጠርጉት፤ ይሟሟል።

አሁን ገዢ ጥሩ። ከአንድ በላይ ይሁን። «በጅምላ ልውሰድልህ፣ አባባ» የሚል ከመጣ፣ ከመሃሉ ዓይኑ ያረፈበት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። መርጦ የሚገዛም ፍሬውን ወስዶ ገለባውን ይተውላችኋል። ስለዚህ በደብተር ዘርዝራችሁ ጠብቁት። ለእያንዳንዱ ዋጋ ይጥራ፤ ጥሩውን የፈለገ ተራውንም አብሮ ይውሰድ። «ቀድቼ እመልሳለሁ» ለሚለው አንድም እንዳትሰጡ። የሰጠሁት እስካሁን እየቀዳ ነው።

ከመሸጣችሁ በፊት ዘፈኑን በፍላሽ አስቀዱ። ለእኔ ከባዱን ያቀለለልኝ ይሄ ነው።

የሚቀሩትን አቁማችሁ ደርድሩ፣ አትከምሯቸው፤ ከምድጃና ከፀሐይም አርቁ። ከማይሸጡት አንዳንዶቹን ለሕዝብ መስጠት ካማራችሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ አነጋግሩ። ይቀበሉ እንደሆነ፣ የት እንደሚያስቀምጡት፣ ሰው መጥቶ መስማት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ከተስማማችሁ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አስፈርሙና አንዱን ለልጆቻችሁ ስጡ።