የኢራን ሻይ በሄልና በጽጌረዳ እንዴት ይዘጋጃል?

የኢራን ሻይ ቅጠሉ አይፈላም፤ በእንፋሎት ይበስላል። ውሃውን፣ ቅመሙንና ቅጠሉን አንድ ላይ አንተክትኮ መቅዳት የለመደ እጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለስድስት ትንንሽ ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል፣ አምስት ፍሬ ሄል፣ የትንሽ ጣት ግማሽ የምታህል ቀረፋና አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ጽጌረዳ ይበቃል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ የደረቀ፣ ረዘም ያለ ይሁን። በካስፒያን ባሕር አጠገብ ያለችው የላሂጃን ሻይ ለስለስ ያለ ነው፤ ካልተገኘ የሲሎን (የስሪላንካ) ሻይ ይሆናል። በከረጢት የታሸገው ደቃቅ ሻይ ቀለሙን ቶሎ ይለቅና ወዲያው ስለሚመር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሄል በፋርስኛም «ሄል» ነው፤ በኮረሪማ ግን አይተካም። የኮረሪማ ጠረን ከበድ ስለሚል ጽጌረዳውን ይውጠዋል። ፍሬውን ሙቀጫ ውስጥ አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ማፍረጥ በቂ ነው፣ ዱቄት ማድረግ አያስፈልግም።

ጽጌረዳው ለምግብ ተብሎ የደረቀ መሆን አለበት። ኢራናውያን የሚጠቀሙት «ጎሌ ሞሃማዲ» የሚሉትን፣ ካሻን ከተማ አጠገብ በቃምሳር በግንቦት ወር የሚለቀመውን ነው። ከአበባ መሸጫ የተገዛ እቅፍ አድርቆ መጨመር አደገኛ ነው፤ የሚመረተው ለዓይን ስለሆነ ፀረ ተባይ ተረጭቶበታል።

አሁን ወደ ዋናው። ማንቆርቆሪያው ላይ ውሃ ይፈላል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ አስቀድሞ ይታጠብ፤ አለዚያ ቅርፊቱ እየተላቀቀ ሻዩ ውስጥ ይገባል። የሸክላ ወይም የፖርሴሊን ሻይ ማፍሊያው በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ይሙቅ። ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ አቧራው ከወጣለት በኋላ ከሄሉና ከቀረፋው ጋር ይገባል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ ውሃው መንተክተኩን አቁሞ አንድ ደቂቃ ያህል ያረፈ ይሁን።

ከዚህ በኋላ የማንቆርቆሪያው ክዳን ተነሥቶ ማፍሊያው አፉ ላይ ይቀመጣል፣ እሳቱም እስከ መጨረሻው ይቀነሳል። ይህን «ዳም» ይሉታል። ከታች የሚወጣው እንፋሎት ማፍሊያውን ያሞቀዋል እንጂ አያፈላውም። 12 ደቂቃ አካባቢ ይቆያል፤ ከ15 ማለፍ የለበትም። ክዳኑ ሥር አረፋ ከታየ ወይም ጠረኑ ቤቱን ከሞላው እሳቱ በዝቷል፤ ቤቱን የሞላው ጠረን ከብርጭቆው የጠፋ ነው። የፈላ ቅጠል አፍ ይኮመትራል፣ ስኳር ቢጨመርበትም አይድንም። ማፍሊያውን በቀጥታ ምድጃ ላይ መጣድም ያው ነው። የማንቆርቆሪያው አፍ ለማፍሊያው የማይገጥም ከሆነ ማፍሊያውን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ ማቆየት ከዚያ በእጅጉ ይሻላል።

ጽጌረዳው የሚገባው በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ነው። ከመጀመሪያው ከገባ ይመራል። የጽጌረዳ ውሃ የሚወድ በጽጌረዳው ፈንታ ከእሳት ሲወርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨምር፤ ከዚያ ካለፈ ሻዩ ሽቶ ሽቶ ይላል።

አንድ ብርጭቆ ቀድቶ መልሶ ማፍሊያው ውስጥ መገልበጥ ቀለሙን ያስተካክለዋል። ከዚያ በማጥለያ የብርጭቆው ሲሶ ወይም ግማሽ ይቀዳና ከማንቆርቆሪያው በፈላ ውሃ ይሞላል። ወፍራም የሚወድም ቀጭን የሚወድም ከአንዱ ማፍሊያ ይጠጣል። ብርጭቆው ወደ ብርሃን ሲያዝ ጥርት ያለ ቀይ መታየት አለበት፤ ከደፈረሰ ወይ ቅጠሉ ደቃቅ ነበር፣ ወይ ፈልቷል።

ስኳሩ አይማሰልም። «ጋንድ» የሚባለው ድፍን ስኳር በጥርስ መሀል ተይዞ ሻዩ በላዩ ይጠጣል። በዛፍራን የተሠራ የስኳር ድንጋይ፣ «ናባት»፣ ከተገኘ ግን እሱን ብርጭቆው ውስጥ ማሟሟት ነው።

ማፍሊያው ውስጥ የተረፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደፋ። ደግሞ ማሞቅ ያው ማፍላት ነው።