ካታማራኑ ተገልብጦ አልነሳም ካለ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የካታማራን፣ ማለትም ጎን ለጎን በተያያዙ ሁለት ቀፎዎች (ተንሳፋፊ አካሎች) የሚንሳፈፍ ጀልባ፣ ሞዴል ሠርቶ፣ ውሃ ላይ ገልብጦ፣ «እምቢ አለኝ» ለሚል ሰው ነው። ዕቃው ከመሃል አዲስ አበባ አያስወጣም። ቱቦው፣ ማጣበቂያውና ፎሙ መርካቶ አለ። ለምሰሶ የሚሆን ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ችግሩ ከዕቃው ሳይሆን ከሒሳቡ ላይ ነው የሚመጣው።

ሒሳቡን በአንድ ሞዴል ልያዘው። ቀፎዎቹ ሁለት ባለ 75 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር። ከቱቦ መሃል እስከ ቱቦ መሃል 40 ሴንቲሜትር። ምሰሶው 1 ሜትር፣ ጠቅላላ ክብደቱ 2 ኪሎ። የክብደት ማዕከሉ ከቱቦዎቹ መሃል 6 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። አንድ አሥረኛ ሞዴል ነው ካልን፣ እውነተኛው ጀልባ 10 ሜትር ርዝመትና 2 ቶን ክብደት ይኖረዋል። ርዝመት በ10 ሲባዛ ክብደት በ1,000 ይባዛልና።

ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም

መንስኤው ካታማራን ስለሆነ ነው። ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ስፋቱ ነው። ያው ስፋት ሲገለበጥም ይይዘዋል። አንዱን ቀፎ ከውሃ ለማንሳት 2 ኪሎ ሲባዛ በ20 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 40 ኪሎ-ሴንቲሜትር የማጠማዘዝ ጉልበት ያስፈልጋል። ምሰሶው ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች ቁጥሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ባለ አንድ ቀፎ የሸራ ጀልባ ከሥሩ ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ስላለው ተገልብጦ መቆየት ይከብደዋል። ካታማራን ያ ክብደት የለውም።

ስለዚህ ከተገለበጠ በኋላ ማንሳትን እርሱት። ትግሉ በጎኑ ሲተኛ ነው። እዚያ ላይ ካስቆማችሁት የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። የሚያስቆመው ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ ነው።

ምን ያህል ተንሳፋፊ? ይህን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጀልባውን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኙት። የታችኛው ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፣ የምሰሶው ጫፍ ደግሞ በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ላይ። ሚዛኑ ከፍታ ካለው ቱቦውን በዚያው ልክ በመጽሐፍ አስነሡት። በኛ ሞዴል ሚዛኑ 190 ግራም አካባቢ ያሳያል። ይህ ማለት ከ190 ሚሊ ሊትር በታች የሆነ ተንሳፋፊ ጀልባውን አይይዘውም። እኔ ሁልጊዜ እጥፍ አድርጉ ነው የምለው፤ ሞገድ አለ፣ ነፋስም የጀልባውን ወለል ይገፋዋል። ክዳኗ በደንብ የታሸገ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ትበቃለች። እውነተኛው ጀልባ ላይ ያው ነገር 400 ሊትር ገደማ ይሆናል።

በጎኑ ይቆማል፣ ግን አይነሳም

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ተንሳፋፊው ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ማቆም እንጂ ማንሳት አይችልም።

ምሰሶው የተተከለው በሁለቱ ቀፎዎች መሃል ነው። ጀልባው በጎኑ ሲተኛ የምሰሶው ሥር ከውሃው 20 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፣ ጫፉ ግን ውሃው ላይ ነው። ስለዚህ ምሰሶው አግድም አይደለም፤ 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ቁልቁል ያዘነብላል። በዚያ ላይ የክብደት ማዕከሉ ከታችኛው ቀፎ አልፎ ወደ ምሰሶው በኩል ያጋድላል። ክብደቱ ወደ ሌላኛው በኩል ተሻግሮ ጀልባው በራሱ እንዲወድቅ ምሰሶው ከአግድም በላይ ሌላ 17 ዲግሪ መነሳት አለበት። በድምሩ 28 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህንንም ጠረጴዛው ላይ እዩት። የምሰሶውን ጫፍ ከሚዛኑ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ስልካችሁን ምሰሶው ላይ አስደግፉና ማዕዘኑን ተከታተሉ። 17 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እጃችሁ ላይ የነበረው ክብደት ጥፍት ይላል፣ ጀልባውም ዞሮ በሁለት ቀፎው ይቆማል። የናንተ ሞዴል 25 ወይም 30 ካለ ክብደታችሁ ከላይ በዝቷል ማለት ነው።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ያለውን ክብደት አውርዱ። 300 ግራም ባትሪ ከቱቦው መሃል 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ፣ ቱቦው ውስጥ ክተቱት። በዚህ ብቻ የክብደት ማዕከሉ ከ6 ወደ 4.5 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ 17 የነበረው ዲግሪም ወደ 13 ይጠጋል። ምንም ግራም ሳትጨምሩ! ይህ ካልበቃ ብቻ እርሳስ ጨምሩ። ጎሚስታ ቤት ከጎማ ላይ የተነቀለ የባላንስ እርሳስ አይጠፋም።

«ሰፋ ባደርገውስ?» የሚል አለ። በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ርቀት 50 ሴንቲሜትር ብታደርጉት 17ቱ ዲግሪ ወደ 13 ተኩል ይወርዳል፣ ግን የምሰሶው ቁልቁለት ወደ 14 ዲግሪ ተኩል ይወጣል። ድምሩ ያው ነው። ተንሳፋፊው ደግሞ መጨመር አለበት። አይመከርም።

ቀሪውን የሚሠራው ራሱ ምሰሶው ነው። የምሰሶውን ሥር በማጠፊያ አስሩት። ምሰሶውን ከታችኛው ቀፎ ጋር የሚይዘውን ገመድ ስታሳጥሩና የላይኛውን ስትለቁ፣ ምሰሶው ወደ ታችኛው ቀፎ ያዘነብላል። ተንሳፋፊው ውሃው ላይ ስለሚቆይ የሚዞረው ጀልባው ነው። 28 ዲግሪ ሲሞላ ይዞርና ይነሳል። ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ሌላ ክብደት ከየትም ማምጣት አይጠይቅምና። ማጠፊያው ግን ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚቆለፍ መሆን አለበት።

የውሃ ከረጢት አንጠልጥዬ ምንም አልጎተተም

ሌላው ዘዴ ከጀልባው ሆድ በኩል ዘንግ አውጥቶ ጫፉ ላይ በውሃ የተሞላ ከረጢት ማንጠልጠል ነው። ካልጎተተ ከረጢቱን ተመልከቱ። ውሃ ውስጥ ጠልቆ ነው? ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይመዝንም። መመዘን የሚጀምረው ከውሃው ገጽ በላይ ከተነሳ በኋላ ነው። ለሞዴላችን በ40 ሴንቲሜትር ዘንግ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። እውነተኛው ጀልባ ላይ በ4 ሜትር ዘንግ 500 ሊትር ይሆናል። ያንን ከባሕር ለማንሳት ጠንካራ መጎተቻ ይፈልጋል፣ ዘንጉም እንዳይሰበር።

ያለ ሸራ ይነሳል፣ ከነሸራው አይነሳም

ሸራው ላይ ውሃ ተኝቷል። ገመዱን ልቀቁት። ሆቢ 16 የሚባሉት ትንንሽ ካታማራኖች ላይ ያሉ ሰዎችም መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህን ነው፤ የሸራውን ገመድ ፈትተው፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ከዚያ በክብደታቸው ይጎትታሉ። ሞዴል ላይ ደግሞ ጨርቅ ከውሃ ጋር ይጣበቃል፤ ስስ ላስቲክ ይሻላል።

መጀመሪያ ይነሳ ነበር፣ አሁን እየከበደው መጣ

ቀፎው ውሃ እያስገባ ነው። ጎሚስታ የጎማ ቀዳዳ እንደሚፈልገው ሮቶ ውስጥ አስምጣችሁ አረፋ ፈልጉ። ሮቶ ለዚህ ይበቃል፤ ለመገልበጥ ሙከራ ግን ይጠባል።

ቀዳዳ ሳይኖርም የሚገባበት መንገድ አለ። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ቱቦውን ያሞቀዋል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታስቀምጡት ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመርፌ ጫፍ በምታክል ስንጥቅ ውሃ ይስባል። ሞዴሉን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ቱቦውንም በፎም ሙሉት። የገባች ትንሽ ውሃ ወደ አንድ ጫፍ እየሮጠች ሚዛኑን የምታበላሸው ባዶ ቦታ ስታገኝ ነው።

መዋኛ ገንዳ ውስጥ በደንብ ይነሳል፣ ሐይቅ ላይ ግን አይነሳም

ጥልቀቱን ለኩ። ምሰሶው ወለል ከነካ ገንዳው ራሱ ይዞላችኋል። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ጥልቀት ያለበት ቦታ ሞክሩ፤ ዋናተኛ ሳይመጣ በጠዋት ከሆነ የሆቴል ገንዳዎች ለዚህ ይመቻሉ።

በጋዝ የሚነፋው ፊኛ እዚህ ጥሩ ነበር፣ ቆላ ስንወርድ ሟሸሸ

የብሪታንያ የነፍስ አድን ጀልባዎች አሠራር ብዙ ሰው ይማርካል። አትላንቲክ 85 የምትባለው ጀልባ ስትገለበጥ ከኋላዋ ቅስት ላይ የታጠፈ ከረጢት በጋዝ ተነፍቶ ያነሳታል። ለሷ የሚሠራው ጠባብ ስለሆነች ነው። ሰፊ ካታማራን ላይ ያንኑ መጠን ብትጠቀሙ አይበቃም። ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ ግን ይቻላል፤ ሁልጊዜ ጠርሙስ ተሸክሞ ከመሄድም ይቀላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው። የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 16 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ካርትሪጅ (ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ) እዚህ ከ11 ሊትር በላይ ይነፋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ግን ወደ 9 ሊትር ብቻ። ላንጋኖም ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል በመካከል ነው የሚውለው። ፊኛውን የምትሞክሩት እዚህ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁን መጠን በባሕር ጠለሉ ስሌት ያዙ።

ነፋሱም ላይ ይኸው ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢነፍስ መስቀል አደባባይ ላይ ያለው ነፋስ ከባሕሩ ሩብ ያህል ጉልበት ያንሰዋል። ሞዴሉ እዚህ የተቋቋመው ነፋስ፣ ወደ ታች ስትወርዱ በዚያው ፍጥነት የበለጠ እንደሚገፋ ገምቱ። ጊዜውንም እንዲሁ፤ ሞዴሉ በ3 ሰከንድ ከተነሳ፣ በ10 እጥፍ የሚበልጠው ጀልባ 9 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል።