ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሴቶች ጥንድ ቴኒስ ፕሮፌሽናል ተጫዋች እንዴት መሆን ይቻላል?

የሜዳ ቴኒስ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አንዷ ከአንዷ ጋር የምትገጥምበት የነጠላ ጨዋታ ነው። ሁለት ለሁለት የሚገጠምበትን ጥንዱን በነጠላው ያልሆነላቸው የሚጠጉበት አድርገው የሚያዩም አሉ። እኔ በዚህ ጨርሶ አልስማማም፤ ጥንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዚምባብዌዋ ካራ ብላክ በነጠላ የደረሰችበት ከፍተኛ ደረጃ 31ኛ ሲሆን በጥንድ ግን የዓለም ቁጥር አንድ ነበረች፤ የዊምብልደንን የሴቶች ጥንድ ዋንጫም ሦስት ጊዜ አንስታለች። ከጎረቤታችን ደግሞ ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ የዊምብልደን ታዳጊ ሴቶችን የጥንድ ዋንጫ ወሰደች። በታዳጊዎች ግራንድ ስላም (ዊምብልደን አንዱ የሆነባቸው አራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት እሷ ናት።

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ሴት ልጆች ከነጠላው ይልቅ ጥንዱ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ሜዳ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ አንድ ሜዳ አራት ልጆችን በአንዴ ያጫውታል። ብዙው ነጥብ የሚያልቀው መረብ አካባቢ ስለሆነ ከጉልበት ይልቅ ፈጣን እጅና መግባባት ያስፈልጋል። የጨዋታ ዘመኑም ረጅም ነው፤ የታይዋኗ ሺዬ ሱ ዌይ እ.ኤ.አ. በ2023 ዊምብልደንን በጥንድ ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው አብረው ለመጀመር ላሰቡ ሁለት ልጆችና ለወላጆቻቸው ነው።

1. ከራኬት በፊት አጋር

ብዙው ሰው በዕቃ ግዢ ይጀምራል። የጥንድ ተጫዋች ግን በአጋሯ ትጀምር። አጋር የምትሆናችሁ ልጅ የግድ ከሁሉም ጎበዝ መሆን የለባትም። ይልቅ ሰፈራችሁ ይቀራረባል? የትምህርት ፈረቃችሁ አንድ ነው? ደሴ ያለች ልጅ ኮምቦልቻ ካለች አጋር ጋር በየቀኑ የሐረጎን ዳገት እየወረደችና እየወጣች መለማመድ አትችልም። የሁለታችሁ እናቶች ቢተዋወቁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። አመሻሽ ላይ ልምምድ ሲኖር "ከማን ጋር ነሽ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ይሆናል፤ ፈቃዱም አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ጸባይዋን እዩ። አንዷ ቀላል ኳስ ስታበላሽ ሌላዋ ምን ታደርጋለች? ፊቷን አዙራ ወደ ቦታዋ የምትሄድና ቀረብ ብላ በራኬቱ መዳፏን ነካ አድርጋ "አብሽሪ፣ ቀጣዩ የኛ ነው" የምትል ልጅ በጣም ይለያያሉ። ይህ ከሰርቭ (ነጥቡን ከሚያስጀምረው ምት) ፍጥነት በላይ ውጤት ይለውጣል። እያሸነፋችሁ ሳለ ሁሉም ሰው መልካም ነው፤ ስለዚህ ከእናንተ ከሚበልጡ ጋር ገጥማችሁ ስትሸነፉ ተያዩ።

ተስማምታችሁ ከሆነ ማን ከቀኝ፣ ማን ከግራ ሆና ሰርቭ እንደምትመልስ ወስኑ። በደንቡ መሠረት በእንግሊዝኛ "set" በሚባለው የጨዋታ ዙር ውስጥ ይህን ቦታ መቀያየር አይቻልም፤ የሚቀየረው ዙሩ አልቆ ሌላው ሲጀመር ነው። ከግራ የምትቆመው ጨዋታውን የሚዘጉትን ነጥቦች አብዝታ የምትመልሰው ናት። ስለዚህ በጭንቅ ሰዓት እጇ የማይንቀጠቀጠውን እዚያ አቁሟት።

2. ሜዳ ማዘጋጀት

ደሴ ጦሳ ተራራ ስር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ደልዳላ ቦታ ውድ ነው። ኮምቦልቻ በዚህ ትሻላለች። የቴኒስ ሜዳ ካላገኛችሁ የትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጠይቁ። መደበኛው የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ የጥንድ ቴኒስ ሜዳ ደግሞ ርዝመቱ 23.77፣ ስፋቱ 10.97 ሜትር። ይገባል። ከኋላ በየጎኑ የሚተርፈው ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለነጠላ ጨዋታ ይጠባል፤ ለመረብ ጨዋታ ልምምድ ግን ይበቃል።

መሃሉን በሲባጎ ከፍላችሁ ከመረቡ ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ 6.40 ሜትር ላይ የሰርቭ መስመሩን፣ 11.885 ሜትር ላይ የመጨረሻውን መስመር አስምሩ። ከሁለቱም የጎን መስመሮች 1.37 ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ የነጠላውን መስመር ጨምሩ፤ የሰርቭ ሳጥኑ በጥንድም ቢሆን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ማዕዘኑ መስተካከሉን ለማወቅ የግማሹን ሜዳ ሰያፍ ለኩ፤ በሁለቱም በኩል 16.17 ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ለሲሚንቶ ጠመኔ፣ ለአፈር ኖራ ይሠራል።

መረብ ከሌለ የመረብ ኳስ መረብ ዝቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ መሃሉ ላይ ከመሬት 91.4 ሴንቲ ሜትር። አንድ ችግር አለው። የመረብ ኳስ መረብ ዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የቴኒስ ኳስ ግን ከ7 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ሾልኮ ያልፋል። ማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ መረቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስፉበት።

3. ዕቃ

ለአዋቂ 27 ኢንች ራኬት፣ ለልጆች እንደ ቁመታቸው ያጠረ። ለጀማሪ ልጆች ከመደበኛው የሚዘገዩት ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ኳሶች ተመራጭ ናቸው። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ራኬት ይኑራችሁ የሚል ሕግ የለም።

4. የጥንዱ ጨዋታ

ሰርቭ የምታደርገው ልጅ ከነጠላው ጨዋታ ይልቅ ወደ ጎን መስመሩ ጠጋ ትበል። አጋሯ መረቡ ጋ፣ በሌላኛው የሰርቭ ሳጥን መሃል ትቁም። የመጀመሪያው ሰርቭ ወደ ውስጥ መግባቱ ከፍጥነቱ ይበልጣል፤ ሁለተኛው ደካማ ሰርቭ ሲመጣ የተመለሰው ኳስ የሚያርፍባት መረቡ ላይ የቆመችው አጋራችሁ ናትና። በተቻለ መጠን ወደ መሃል መስመሩ ስደዱ። ከመሃል የሚመለስ ኳስ የሚሄድበት ማዕዘን ስለሚጠብ አጋራችሁ ጣልቃ ገብታ ትቆርጠዋለች።

ጥንድን ጥንድ የሚያደርገው ይህ መቁረጥ ነው፤ ረጅም ጊዜ ስጡት። ከሰርቩ በፊት መረብ ላይ ያለችው ልጅ ግራ እጇን ከወገቧ ጀርባ አድርጋ ምልክት ታሳያለች። የተጨበጠ እጅ "ቦታዬ ላይ ነኝ"፣ የተዘረጋ መዳፍ "አቋርጣለሁ" ማለት ነው። ሰርቭ የምታደርገዋ "እሺ" ካላለች ኳሱ አይነሳ። አቋርጣለሁ ያለችው ቀድማ ከተነቃነቀች መላሿ ባዶውን ጎን ታየዋለች። መላሿ ዓይኗን ኳሱ ላይ ጥላ ራኬቷን ለመምታት ወደፊት መሰንዘር ስትጀምር፣ ያኔ ነው መነሳት። አካሄዱም ወደ ጎን ሳይሆን በሰያፍ ወደ መረቡ ነው፤ ወደ ጎን ብቻ የሮጠች ልጅ ኳሱን ዝቅ ብሎ ታገኘዋለች። ከኋላ ያለችው ደግሞ የተለቀቀውን ጎን ወዲያው ትሸፍናለች። በእያንዳንዱ ልምምድ አሥር ነጥብ በምልክት ብቻ ተጫወቱ፤ አሥሩንም ብትሸነፉ እንኳ አታቁሙት።

ከጭንቅላት በላይ ለሚያልፍ ሎብ ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል። "የኔ!"፣ "ያንቺ!"፣ "ቀይሪ!" በቂ ናቸው። ዝም ብለው የሚጫወቱ ጥንዶች መሃላቸው በወደቀ ኳስ ሲሸነፉ ማየት ያሳዝናል። ብዙ ሴት ልጆቻችን ሜዳ ላይ ድምፅ ማውጣት ያሳፍራቸዋል። አሠልጣኝ ይህንን በቀስታና በፍቅር ያስለምዳቸው።

አቆጣጠሩንም ቀድማችሁ ልመዱት። በፕሮፌሽናል የጥንድ ውድድሮች 40 ለ40 ሲሆን አንድ ነጥብ ይወስናል፤ ከየትኛው ጎን እንደሚመልሱ የሚመርጡት መላሾቹ ናቸው። በዙር አንድ ለአንድ ከሆናችሁ በሦስተኛ ዙር ምትክ እስከ 10 የሚቆጠር መለያ ትጫወታላችሁ፤ በሁለት ነጥብ መብለጥ ግዴታ ነው። በግራንድ ስላም ሦስተኛው ዙር ሙሉውን ይደረጋል።

5. ከፍታውን መጠቀም

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ሲሆን ኳስ ይፈጥናል፣ ይርቃል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ የከፍታ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ያንን ካላገኛችሁ የራኬቱን ክር ትንሽ አጥብቁ። ደሴ ላይ ልክ የሆነ ሎብ ባሕር ዳርቻ ባሉት የቱኒዚያው ሞናስቲርና የግብፁ ሻርም ኤል ሼክ አጥሮ ይወድቃል፣ ለተጋጣሚም ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ውድድር ሲቃረብ ልምምዱን ኮምቦልቻ አውርዱት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ናይሮቢን ይቀራረባል፣ ሙቀቱም ያስለምዳል።

6. ወደ ውድድር መግባት

በኢትዮጵያ ቴኒስ ፌዴሬሽን በኩል የአገር ውስጥ ውድድር ጀምሩ። ፓስፖርቱን ቀድማችሁ አውጡ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን የታዳጊዎች ውድድር መጫወት ይችላሉ። እዚያ ስድስቱ ምርጥ የነጠላ ውጤቶች ሙሉ በሙሉ፣ ስድስቱ ምርጥ የጥንድ ውጤቶች ደግሞ ሩባቸው ብቻ ይቆጠራል። በዚህ ዕድሜ ነጠላውን እርግፍ አድርጋችሁ አትተዉ የምለው ለዚህ ነው፤ ደረጃችሁ የሚነሳው በሱ ነው።

ከ14 ዓመት ጀምሮ በሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር መመዝገብ ይፈቀዳል፤ በዓመት ስንት ውድድር እንደሚቻል ግን በዕድሜ ተገድቧል። መነሻው ደብሊው 15 የሚባለው ነው። ቁጥሩ አሸናፊዋ የምታገኘውን የደረጃ ነጥብ ያመለክታል፤ የሽልማቱ ድምር 15,000 ዶላር ነው። ከዚያ 35፣ 50፣ 75፣ 100 እያለ ወደ ደብሊው ቲ ኤ (የሴቶች ቴኒስ ማኅበር) ውድድሮች ይወጣል። ጥንድ ሆናችሁ ስትመዘገቡ የሁለታችሁ ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው ጥንድ ይገባል። የአንዷ ደረጃ ብቻ ቢሻሻል እንኳ ለሁለታችሁም በር ይከፍታል።

15,000ው ዶላር ለነጠላም ለጥንድም የሚከፋፈል ነው። የጥንዱ ድርሻ አነስተኛ ነው፣ እሱም ለሁለት ይካፈላል። በዚህ ደረጃ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ እንኳ እንደማይሸፈን ወላጆች አስቀድመው ይወቁ። ለዚህ ነው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የትምህርት ዕድል አጥብቄ የምመክረው። በዩኒቨርሲቲዎቹ የቡድን ግጥሚያ ሦስት የጥንድ ጨዋታዎች ተደርገው ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ይወስዳል፤ አሠልጣኞቹም ጥሩ የጥንድ ተጫዋች ይፈልጋሉ። ኦኩቶዪም ወደ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች። የትምህርት ውጤታችሁንና እንግሊዝኛችሁን ከሰርቭ እኩል ያዙ።

7. ቤት ውስጥ መነጋገር ያለባችሁ

ልብስ እንቅፋት አይሁን። ደብሊው ቲ ኤ ከ2019 ጀምሮ ያለ ቀሚስ በታይት ሱሪ መጫወትን በግልጽ ፈቅዷል። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ካፈጠራችሁ በኋላ አድርጉት፤ መብራት ያለው ቦታ ካጣችሁ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ቀለል ያለ የእጅና የቮሊ (ኳሱን መሬት ሳይነካ የመምታት) ሥራ ይበቃል።

ጫት ግን ጨርሶ አይነካ። ውስጡ ያሉት ካቲንና ካቲኖን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት ከተከለከሉት ናቸው። በርጫ ላይ ለእንግዳ አክብሮት ተብሎ የተሰጣችሁ ቢሆንም ምርመራው ምክንያት አይጠይቅም።

አጋር የምትቀያየሩበት ቀንም ሊመጣ ይችላል። በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፤ ካራ ብላክ ራሷ ዊምብልደንን በ2004 ከሬኔ ስተብስ፣ በ2005 እና በ2007 ከሊዝል ሁበር ጋር ነው ያሸነፈችው። እንዲህ ሲሆን የቀጣዩ ውድድር ምዝገባ ሳይዘጋ፣ በሰው አፍ ሳይሆን ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ሌላዋም አጋር የምትፈልግበት ጊዜ ይኑራት።