ቢራ እየዞሩ ሲቀምሱ መሃል ላይ የት ይበላል?

በአንድ ቀን በርከት ያሉ ቢራ ጠማቂ ቤቶችን ልትዞሩ ካሰባችሁ፣ የምትበሉበትን ቦታ ቀድማችሁ ምረጡ። ብዙዎቹ ወጥ ቤት የላቸውም። ያላቸውም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ከምሳ በኋላ ምድጃውን አጥፍተው እስከ እራት ቢራ ብቻ ይቀዳሉ።

ካርታ ላይ ከሁለተኛው ቤት ወደ ሦስተኛው ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ያለ ምግብ ቤት ፈልጉና ደውሉ። «ወጥ ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» በሉ። ቤቱ ክፍት ነው ማለት ምግብ አለ ማለት አይደለም! ካጣችሁ፣ ቢራ ቀጂውን ከውጭ ምግብ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ወጥ ቤት የሌላቸው ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ።

ሞቅ ሳይላችሁ ብሉ። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ አልኮሉ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያልፈው ቀስ ብሎ ነው። ከሰከሩ በኋላ መብላት ግን ስካር አያበርድም፤ በልቻለሁ ብላችሁ መሪ እንዳትይዙ።