የሶፍትዌር ሻጭን ቀን የሚበሉ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ፣ የደመወዝ ወይም የስቶር ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ስልክ ላይ፣ መንገድ ላይና የደንበኛ በር ላይ ነው። ሶፍትዌሩን ቁጭ ብሎ የሚያሳይበት ጊዜ ከሁሉም ያንሳል። ብዙ አዲስ ሻጮች ግን የሚዘጋጁት ለዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስላይዱ ያማረ ነው፤ ንግግሩም ተሸምድዷል። ገዢው ቀኑን በምን እንደሚውል ግን አያውቁም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ሳያጣሩ መደወል

ጠዋት 2፡30 ቢሮ ገብቶ የድርጅቶችን ዝርዝር ከፍቶ መደወል የተለመደ ነው። አለቃም "ዛሬ ስንት ደወልክ?" ነው የሚለው። ስለዚህ ለአስመጪውም፣ ለክሊኒኩም፣ ለትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት ንግግር ይደረጋል። "ሥራዎን የሚያቀላጥፍ ዘመናዊ ሲስተም አለን።" ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሥራ አስኪያጅ ያለ አይመስለኝም።

ከመደወላችሁ በፊት ስለ ድርጅቱ ጥቂት ነገር ፈልጉ። ጥሩው ምንጭ የሥራ ማስታወቂያ ነው። አንድ ድርጅት "ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር ነው) የሚችል አካውንታንት" ከፈለገ አሁን በምን እንደሚሠራ ነግሯችኋል። በአንድ ጊዜ ብዙ የስቶር ሠራተኛ ከፈለገ አዲስ መጋዘን ወይም ቅርንጫፍ እየከፈተ ሊሆን ይችላል። "አዲስ ቅርንጫፍ ልትከፍቱ ነው መሰለኝ፤ ዕቃውን ከዋናው ስቶር ጋር እንዴት ልታገናኙት አስባችኋል?" ብሎ የሚጀምር ሻጭ ስልኩ ቶሎ አይዘጋበትም።

የደንበኛውን ካላንደር አለማወቅ

ይሄኛው ብዙ ሽያጭ ያበላሻል። የሻጩ ታርጌት የሚቆጠረው በየወሩ ነው፤ ደንበኛው ግን የራሱ ዘመን አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። አንድ መሥሪያ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ በሐምሌ "አዲስ ሲስተም ግዙ" ብትሉት ፍላጎት ቢኖረውም የበጀት መደብ የለውም። ወሬው መጀመር የነበረበት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ሁሉም ያልተጠቀመበትን በጀት ለመጨረስ ይሯሯጣል። በዚያ ሰዓት የሚገዛው ሰነዱ ያለቀለት ነገር ብቻ ነው።

የግሉ ዘርፍም ከዚህ አይርቅም። የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት የፋይናንስ ኃላፊ ጋ ለዴሞ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ለማሳየት፣ ብትሄዱ ሰውየው ከኦዲተርና ከደረሰኝ ክምር ጋር ነው ያለው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ደመወዝ የሚሠራውን ሰው አታስቸግሩት። ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጀታቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ስለሆነ ለእነሱ ሌላ አቆጣጠር ያስፈልጋችኋል።

ዓርብም አለ። የመንግሥት ቢሮዎች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳና ለጸሎት ይወጣሉ። በ5፡30 የደረሰ ሻጭ ሁለት ሰዓት በር ላይ ይቆያል።

ከዚሁ ሳልወጣ ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ጠዋት ቦሌ፣ ረፋድ መርካቶ፣ ከሰዓት መገናኛ ቀጠሮ አትያዙ። በአንድ ቀን አንድ ሰፈር ይበቃል፤ ትራፊኩ ለማንም አያዝንም። ከውጭ ዜጎች ጋር ደግሞ "3 ሰዓት" ተባብሎ መለያየት አደገኛ ነው። በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩ።

ዴሞ ላይ ሁሉንም ለማሳየት መሞከር

ዴሞ ላይ የሚታየው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው። ሻጩ ከመጀመሪያው ሜኑ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። "ይሄ ሪፖርት ነው፣ ይሄ ዳሽቦርድ ነው፣ ይሄ ደግሞ..." እያለ ሰዓቱ ያልቃል። ምሳሌው ውስጥ የሚታየው ደንበኛ የፈረንጅ ስም አለው፤ ገንዘቡ በዶላር ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ስታይ በልቧ "ይሄ ለእኛ አልተሠራም" ትላለች። አፍ አውጥታ አትነግራችሁም።

ከመሄዳችሁ በፊት የደንበኛውን ሥራ የሚመስል መረጃ አስገቡ። እህል ነጋዴ ከሆነ ጤፍ በኩንታል፣ አስመጪ ከሆነ ዕቃ በካርቶንና በደርዘን ይግባ። ቫቱ 15 በመቶ ሆኖ ይታይ። የደመወዝ ሲስተም ከሆነ 10,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ላይ 7 በመቶው ማለትም 700 ብር ከሠራተኛው፣ 11 በመቶው ማለትም 1,100 ብር ከአሠሪው ለጡረታ ሲወጣ ይታይ። የሥራ ግብሩ ሰንጠረዥ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ቀድሞ 600 ብር ነበር። በ2017 በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል። ዴሞው አሁንም በድሮው ሰንጠረዥ የሚያሰላ ከሆነ ከዚያ በኋላ የምትናገሩትን ማንም አያምንም። ደግሞም ልክ ናቸው። ሕግ በተቀየረ ቁጥር ሲስተሙን ማን ያስተካክላል የሚለው ጥያቄ የደንበኛው ትልቁ ጭንቀት ነው።

ኔትወርክ ቢጠፋ የሚሠራ ቅጂ ላፕቶፓችሁ ላይ ይኑር፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን። "መብራት ሲሄድ ሽያጩ ይቆማል ወይ?" ብለው ይጠይቋችኋል። የሚቆም ከሆነ ይቆማል በሉ፤ መፍትሔው ምን እንደሆነም ቀጥላችሁ ተናገሩ።

ከአለቃው ጋር ብቻ ማውራት

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው። ሻጩ ባለቤቱን ያሳምናል፣ ቡና ይጠጣል፣ ተጨባብጦ ይወጣል። ሲስተሙ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ግን የስቶር ኃላፊው፣ ካሸሯና የሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው። ማንም አላናገራቸውም። የሰሙት "ሲስተም ሊገባ ነው" የሚል ወሬ ብቻ ነው። ለብዙ ሰው ደግሞ ይህ ወሬ "እንጀራዬ ሊዘጋ ነው" ከማለት አይለይም። ከዚያ በኋላ አለቃው ሐሳባቸውን ሲጠይቃቸው "ለእኛ ሥራ አይሆንም" ይላሉ። ሽያጩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሻጩም ለምን እንደቀረበት ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቃችሁ ስቶር ውረዱ። የስቶር ኃላፊው ብዙ ዓመት በቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) የሠሩ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሞሉ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ላፕቶፑን አትክፈቱ። "ጋሼ፣ ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ የሚጽፉት የቱ ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው እያሳዩ ሲያስረዱ ሥራው የት እንደሚደጋገም፣ የትኛው ወረቀት እንደሚጠፋ፣ ቆጠራ ላይ ለምን እንደሚመሹ ይገባችኋል። እሳቸውም የተናቁ አይመስላቸውም። በሚቀጥለው ዴሞ "ጋሼ ያሳዩኝ ችግር ይሄ ነበር" ብላችሁ ስትጀምሩ፣ ለሲስተሙ የሚከራከሩት እሳቸው ናቸው።

"ይቻላል" ማለት

"በኦሮምኛም ይሠራል?" ይቻላል። "ከባንካችን ጋር ይገናኛል?" ይቻላል። ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ይከብደናል፤ ነውርም ይመስለናል። ፊርማው ካለቀ በኋላ ግን የተባለው ሁሉ ፕሮግራመሮቹ ጋ ይደርሳል። እነሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ያን ዕለት ነው። "አሁን የለም፤ መቼ ሊኖር እንደሚችል ቡድኑን ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ" ማለት ሽያጭ አያበላሽም። ነገ አለመደወል ግን ያበላሻል።

ፕሮፎርማ ሲጠየቅ መደሰት

ፕሮፎርማ መጠየቅ የመግዛት ምልክት ብቻ አይደለም። ግዥ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ማሟላት አለበት። አንዳንዴ ከማን እንደሚገዛ ተወስኖ እናንተ ሦስተኛዋን ወረቀት ለመሙላት ነው የተጠራችሁት። በትሕትና ጠይቁ፤ ማን ነው የሚገመግመው? መቼ? ሲስተሙን አይተውታል ወይ? መልስ ከሌለ ቀናችሁን ለእሱ አትስጡ።

ዋጋው ላይ ደግሞ ቫት መግባቱን ወይም አለመግባቱን፣ ሥልጠናውን፣ የዓመት የጥገና ክፍያውንና ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚሠራ ጻፉ። በዶላር የሚሰላ ክፍያ ካለ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ይገለጽ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በእጅጉ ወረደ። ያን ጊዜ ያስታወሰ የፋይናንስ ሰው ይህች መስመር ከሌለች አይፈርምም።

ከግዥ ክፍል ሰው "የእኔስ?" የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ የተገኘ ሽያጭ ወንጀል ነው። አትግቡበት፤ ለአለቃችሁ ንገሩ።

ማታ ሳይጽፉ ወደ ቤት መሄድ

ስብሰባው ጥሩ ነበር፤ "እንደውልልዎታለን" ተባለ። ያን ዕለት ማታ ምን እንደተስማማችሁ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ በአጭር የቴሌግራም መልእክት ላኩ። የድርጅታችሁ ሲአርኤም (የደንበኞች መረጃ መያዣ ሲስተም) ላይም አስገቡ፤ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ የቀረ ደንበኛ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥር ይሰጠው። ቁጥሩን ካልያዛችሁ "አልደረሰንም" ሲሏችሁ መልስ የላችሁም።

የሠራተኛ ስምና ደመወዝ ዝርዝር በግል ቴሌግራማችሁ አትቀበሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለሙከራ የተሠራ ስም ይበቃል።

ከኮሚሽኑ በኋላ መጥፋት

ውሉ ተፈረመ፤ ሥራው ወደ ሥልጠና ቡድኑ አለፈ፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ደንበኛው ግን ሲስተሙን የገዛው ከእናንተ ነው፤ የሚያውቀው የእናንተን ፊት ነው። በየቀኑ ሂዱ አልልም። አንድ ቀን ግን አይቅርባችሁ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ በአዲሱ ሲስተም የሚወጣበት ቀን። ያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ። ጠዋቱኑ እዚያ ተገኙና የሠራተኞቹ ክፍያ ባንክ እስኪገባ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጎን ቁጭ በሉ።